የታላላቅ ጊታር መቺዎች ነገር፤ ታላቅ ያሰኛቸውስ ምንድን ነው?

የሰው ልጅ ደስታውንና ኀዘኑን በቃል ብቻ ተናግሮ ሊጨርሰው ስለማይቻለው፣ ከጥንት ጀምሮ እንጨት ጠርቦ፣ ቈዳ ወጥሮ፣ ጅማት ስቦ፣ ለልቡ ረዳት የሚሆን መሣሪያ ሲያበጅ ኖሯል። ያገራችን ሰው በገናን ለጸሎትና ለተመስጦ፣ ክራርንና መሰንቆን ለጨዋታና ለትዝታ እንደያዘ ሁሉ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሰዎችም በሃያኛው መቶ ዓመት ጊታርን ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋራ አስተባብረው ሮክ የሚባለውን ዘፈን፣ ከሮክም ሜታል የሚባለውን ከበድ ያለ ዓይነት አወጡ። ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍላችሁ የፈለግነው፣ ከነዚህ ጊታር መቺዎች መካከል እኛ የምንወዳቸው እነማን እንደሆኑና ታላቅ ያሰኛቸውም ምን እንደሆነ ነው።

ከናንተ አንዳንዶቹ ይህን አርእስት ሲያዩ «ይህስ ጩኸት ነው እንጂ ዜማ ነውን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ በኛም ቤት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ይጠይቁታል። እኛ ግን በልጅነታችን ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጠን ስንቀጽል ሦስቱን የቅዱስ ያሬድ ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ በጆሮ መለየት ተምረናል። ኋላም ከሚሲዮን ተማሪ ቤት ገብተን የውጭ አገር ዜማ በምልክት ተጽፎ ሲነበብ አይተናል፤ ጊታርንም መጀመሪያ የነካነው በዚያ ነው። ከሁለቱም ያገኘነው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም ዜማን ከመንቀፍ አስቀድሞ ጆሮ ሰጥቶ መስማት ይገባል የሚል ነው። ዛሬም በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ቀኑን የምንውለው የሰውን ቃል ሰምተን በመጻፍ ስለሆነ፣ ማታ ከቤት ስንገባ ልጆቹ የሚያሰሙንን ዘፈን በዚያው ልማድ እንሰማዋለን፤ መጀመሪያ ቃሉን፣ ፍርዱን ግን ኋላ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንናገር። የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ተራው ጊታር ብዙውን ጊዜ ስድስት ክሮች አሉት፤ ክሮቹ ግን የብረት ናቸው፤ ከሥራቸውም ቀጭን የመዳብ ሽቦ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ተቀምጧል። መቺው ክሩን ሲመታው የክሩ መንቀጥቀጥ በሽቦው ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ያስነሣል፤ ይህም ኃይል በገመድ አልፎ ወደ ድምፅ ማጉያው ይደርስና ታላቅ ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲጫንበት ግን ድምፁ ይሻክራል፤ ያጉረመርማል። ይህ አስቀድሞ እንደ ጉድለት ይቈጠር ነበር፤ የሮክ ሰዎች ግን ጉድለቱን ወደውት ጌጥ አደረጉት። ነገሩ ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የበገና ደርዳሪ ከጅማቱ ሥር እንዚራ የምትባለውን ትንሽ ቈዳ የሚያገባው ድምፁ እንዲነዝርና እንዲያጉረመርም ብሎ ነው። እንዚራዋ ብትወጣ ድምፁ ጥርት ይላል፤ ነገር ግን በገና መሆኑ ይቀራል። እንግዲህ የበገናን ነዛሪ ድምፅ ሰምቶ ልቡ የተነካ ሰው የሜታልን ጊታር ለመስማት ጆሮው አስቀድሞ ተሰናድቷል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ መመዘኛው እንምጣ። ወጣቶች ስለ ጊታር መቺ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚጠያየቁት «ከሁሉ ፈጣኑ ማን ነው?» እየተባባሉ ነው። ፍጥነት የልምምድ ፍሬ ስለሆነ አናቃልለውም። ነገር ግን በችሎት ፊት ቃሉን እንደ ዝናም የሚያወርድ ምስክር ሁልጊዜ እውነተኛ እንዳልሆነ፣ ጣቱ የፈጠነ መቺም ሁልጊዜ የሚናገረው ነገር አለው ማለት አይደለም። ያገራችን ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው በዚህም ይሠራል። ስለዚህ እኛ ሦስት ነገር እንመረምራለን። አንደኛ፣ መቺውን ሳናየው ድምፁን ብቻ ሰምተን፣ የዘመድን ድምፅ ከደጅ እንደምንለይ፣ ልንለየው እንችላለን ወይ? ሁለተኛ፣ የጎደለው ነገር በኖረ ጊዜ ጉድለቱን ምን አደረገው? ሦስተኛ፣ ዝም ማለት ሲገባው ዝም ይላል ወይ? በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ያለፈ መቺ ፈጣንም ቢሆን ዝግተኛም ቢሆን ከኛ ዘንድ ታላቅ ነው።

የዚህ ዘፈን ሥር ወዴት እንዳለ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከአንዲት ሴት ሊጀምር ይገባዋል። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በ1915 በአሜሪካ በአርካንሳስ ግዛት ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ ማንዶሊን እየመታች የምትዘምርና የምትሰብክ ሴት ነበረች፤ ልጂቱም ገና ሕፃን ሳለች ጊታር ታቅፋ ከእናቷ ጋራ በጸሎት ቤት ትዘምር ጀመር። በ1938 በኒው ዮርክ መዝሙሯን በሸክላ አስቀረጸች። በመጠጥና በጭፈራ ቤትም በመዘመሯ ብዙ የጸሎት ቤት ሰዎች አዘኑባት፤ እርሷ ግን መዝሙሩንም ጊታሩንም አልተወችም። በ1944 ያስቀረጸችውን አንዱን መዝሙር ብዙ ሊቃውንት ከሮክ የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል ይቈጥሩታል። ኤልቪስ ፕሬስሊና ጆኒ ካሽም ሥራዋን ይወዱ ነበር። በ1964 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ሥራ ባቆመ የምድር ባቡር ጣቢያ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ነጩን የኤሌክትሪክ ጊታር አንግባ የዘመረችው በፊልም ተቀርጾ ስለቀረ ዛሬም ይታያል። ያን ያየ ሰው የጣቷን ጥንካሬና የፊቷን ደስታ አይረሳም። በ1973 በሞተች ጊዜ መቃብሯ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ሳይቆምለት ለብዙ ዘመን ቆየ፤ የሮክ ሊቃውንት ስም በሚጻፍበት በአሜሪካው የክብር አዳራሽ ስሟ የገባው በ2018 ነው። ክብር ዘግይቶ እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን፤ ሥራዋ ግን ክብሩን ሳይጠብቅ የልጅ ልጆች አፍርቶ ነበር።

ከነዚያ የሥራ ልጆቿ ዘመን ስሙ እጅግ የገነነው ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። በ1942 በሲያትል ከተማ ከድኻ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ መጥረጊያ ይዞ ጊታር የሚመታ መስሎ ይጫወት ነበር፤ አንድ ቀንም አባቱን በሥራ ሲረዳ ከተጣለ ዕቃ መካከል አንዲት ክር ብቻ የቀረችለት ትንሽ ዩኩሌሊ አግኝቶ በዚያች በአንዲት ክር ዜማ ማውጣት ተማረ። ግራኝ ስለነበረ ለቀኝ እጅ ሰው የተሠራውን ጊታር ገልብጦ ክሮቹን ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ይመታ ነበር። ከማጉያው የሚመለሰውን ፉጨት ሌሎች ሲሸሹት እርሱ እንደ ፈረስ ገርቶ በልጓም መራው። በ1969 በዉድስቶክ በተደረገው ታላቅ የዘፈን በዓል መጨረሻ፣ ብዙው ሕዝብ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሰኞ ጧት ላይ፣ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ብቻ አሰማ። ያን ጊዜ አሜሪካ በቬትናም ትዋጋ ነበር፤ እርሱም አስቀድሞ የአየር ወለድ ወታደር የነበረ ሰው ነው። በመዝሙሩ መካከል የቦምብን መውደቅና የሰውን ዋይታ በክር አሰማበት። የተዘፈነ ቃል አንድም አልነበረበትም፤ የሰማው ሁሉ ግን ስለ ምን እንደሚናገር ዐወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በ1970 በለንደን የእንቅልፍ መድኃኒት አብዝቶ ስለወሰደ በ27 ዓመቱ ሞተ። ስለ ሥራው የምናመሰግነው ሁሉ ስለ አሟሟቱ ከማዘን አይከለክለንም፤ ወላጆችም ለልጆቻቸው ሁለቱን አንድ ላይ ሊነግሯቸው ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የቶኒ አዮሚ ታሪክ ነው። አዮሚ በ1948 የብረት ሠራተኞች አገር በሆነችው በእንግሊዝ ከተማ በበርሚንግሃም ተወለደ። በ17 ዓመቱ ከአንድ የብረት ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ ከዘፋኞች ጋራ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ስለ ተስማማ ግን ሥራውን ሊተው ቈረጠ። ራሱ እንደ ተናገረው፣ በመጨረሻዋ የሥራ ቀን ለምሳ ከቤቱ ገብቶ ከእንግዲህ አልመለስም ቢል፣ እናቱ የጀመሩትን ሥራ በደንብ ሳይፈጽሙ መተው ነውር ነው ብላ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ባልለመደው መኪና ላይ ሲሠራ መኪናው ቀኝ እጁን ያዘው፤ የመካከለኛውና የቀለበት ጣቱ ጫፎች ተቈረጡ። እርሱም ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ቀኙ ነበር። ያች እናት የመከረችው ማናችንም ብንሆን የምንመክረውን ነው፤ መልካም ምክር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍሬ ማምጣቱ ለወላጅ ሁሉ የሚያስጨንቅ ነገር ነው።

ሐኪሞቹ ጊታርን እርሳው አሉት። ነገር ግን ከፋብሪካው አለቆች አንዱ ሊጠይቀው መጥቶ አንድ ሸክላ አሰማው። አዮሚ ዜማውን ከወደደው በኋላ ሰውየው፣ የሚመታው ጃንጎ ሬንሃርት እንደሚባል፣ በ1928 በእሳት ቃጠሎ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከጥቅም ውጭ እንደሆኑበትና ክሩን ይጫን የነበረው በሁለት ጣት ብቻ መሆኑን ነገረው። አዮሚ ይህን ሰምቶ ተነሣ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ እንደ መስፊያ ቆብ ያለ የጣት ሽፋን ሠራ፤ እንዳያዳልጠውም ከአሮጌ ጃኬት ቈዳ ቈርጦ ለጠፈበት። ወፍራሙ ክር ስላሳመመው ቀጫጭን የባንጆ ክር ፈልጎ አሰረ። ኋላም ክሩ እንዲላላና ጣቱ እንዲያርፍ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው። ቅኝቱ ዝቅ ባለ ጊዜ ድምፁ ወፈረ፤ ጨለመ፤ ከበደ። ብላክ ሳባት የተባለው ማኅበሩ የመጀመሪያ ሸክላውን በየካቲት 1970 ባወጣ ጊዜ ሜታል የሚባለው ዘፈን ከዚያ ተወለደ ብለው ብዙዎች ይናገራሉ። እንግዲህ በዓለም ሁሉ ያሉ የሜታል መቺዎች ዐሥሩም ጣታቸው ጤነኛ ሲሆን፣ ቅኝታቸውን ዝቅ የሚያደርጉት አንድ የቈሰለ ሰው ጣቱን ለማሳረፍ የፈለገውን ብልሃት ተከትለው ነው። ይኸው ሰው በሐምሌ 2025 በ77 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ በቪላ ፓርክ የኳስ ሜዳ ከጥንት ጓደኞቹ ጋራ ቆሞ የመጨረሻውን ስንብት አድርጓል።

ይህን ታሪክ ያስረዘምነው በቤታችን የደረሰ ነገር ስላለ ነው። የታላቅ እኅታችን ልጅ በእንጨት ሥራ የሚተዳደር የ19 ዓመት ወጣት ነው። ጊታር መምታት ይወዳል፤ የገዛትም ከደመወዙ ቈጥቦ ነው። ባለፈው ዓመት ከሚሠራበት ቦታ የእንጨት መቍረጫው መኪና የግራ እጁን የቀለበት ጣት ጫፍ ወሰደበት። ስለ ካሣው ነገር ሕግ የሚመለከተው ስለሆነ እዚህ አንጽፍም። ቍስሉ ከዳነ በኋላ ጊታሩን በእናቱ አሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ ላይ አኖራት። እኅታችንም አስቀድሞ የዚያ መሣሪያ ድምፅ ራሷን ያሳምማት የነበረች ስትሆን፣ አሁን «ወንድሜ ሆይ፣ ቤቱ ዝም ቢል ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ዝምታው ግን የሬሳ ቤት ዝምታ ሆነብኝ፤ እባክህ አንድ ነገር ንገርልኝ» ብላ ወደኛ መጣች።

እኛም ልጁን ጠርተን የአዮሚን ታሪክ ከላይ እንደጻፍነው ነገርነው። ጸጥ ብሎ ሰማና «ጋሼ፣ እርሱ እርሱ ነው፤ እኔ ግን እንደርሱ ያለ ሰው ለመሆኔ ምን ማስረጃ አለ?» ብሎ መለሰልን። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ከአንዱ የተሳካለትን ነገር አንሥቶ ለሁሉ ይሳካል ማለት በችሎትም ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ «ልጄ፣ አንተ ታላቅ መቺ ትሆናለህ አላልንህም፤ ነገር ግን ጣትህ የማትችለውን መርምረህ ታውቀው ዘንድ ጊታሩን ማውረድ ይገባሃል፤ ሳይመረመር የተዘጋ መዝገብ እኛ አንወድም» አልነው። እርሱም ምንም ሳይመልስልን ተሰናብቶ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሰፈራችን ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ስስ የቈዳ ቍራጭ መለመኑን ሰማን። የሠራው የጣት ሽፋን መጀመሪያ አዳለጠው፤ ሁለተኛው ጠበበው፤ አራተኛው ተስማማው። ዛሬ እንደ ቀድሞው አይመታም፤ የተዋቸው ዘፈኖችም አሉ። የሚመታው ዝግ ያለውን ነው፤ ቅኝቱንም ዝቅ አድርጓል። እናቱ ማታ ማታ ቡና ስታፈላ እርሱ በጓዳው በር ተቀምጦ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ እንደገና ሲጀምር ይሰማል። እኅታችን ስለ ራስ ምታቷ ዳግመኛ አላነሣችም።

ስለ አባትና ልጅ ደግሞ የምንናገረው የብራያን ሜይን ነገር ነው። ብራያን ሜይ በ1947 በለንደን አጠገብ ተወለደ። የሚወደውን ጊታር ለመግዛት ገንዘብ ስላልነበራቸው በ1963 ከአባቱ ከሃሮልድ ጋራ በቤታቸው ውስጥ በእጅ መሥራት ጀመሩ፤ ሁለት ዓመት ያህልም ፈጀባቸው። አንገቱን ከመቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ካለው የምድጃ ጠርዝ እንጨት ጠረቡት፤ ለክር መወጠሪያው ከአሮጌ ሞተር ቢስክሌት የወጣ ሞላ አገቡበት፤ በአንገቱ ላይ ያሉት ነጥቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ የዛጎል ቍልፎች ነበሩ። ሜይ ኩዊን ከሚባለው ማኅበር ጋራ በዓለም ሁሉ የታወቀው በዚሁ ጊታር ነው፤ ክሩንም የሚመታው በስድስት ፔኒ ሳንቲም ነው። ብራያን ስለ ሰማይ አካላት ያጠና የነበረውን ከፍተኛ ትምህርት ለዘፈን ብሎ በተወው ጊዜ አባቱ እጅግ አዘነ፤ በመካከላቸውም ቅሬታ ገባ። ኋላ ግን አባትዬው በኒው ዮርክ አዳራሽ ልጁ ሲመታ አይቶ ልቡ ተመለሰ። ልጁም የተወውን አልረሳም፤ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2007 የዶክተርነቱን ማዕርግ በሰማይ ጥናት ተቀበለ። በ2002 ንግሥት ኤልሣቤጥ ሃምሳኛ ዓመት የዘውድ በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ሜይ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ቆሞ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር ያሰማው ከአባቱ ጋራ በሠራው በዚያው ጊታር ነው። የምድጃው እንጨት ከቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ስለ ፍጥነት የተናገርነው ፈጣኖችን ለመንቀፍ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሁለት ሰዎችን እናንሣ። ኤዲ ቫን ሄለን በ1955 በሆላንድ ተወልዶ በ1962 ከወላጆቹ ጋራ ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደደ። ቤተ ሰቡ በመርከብ ሲሻገር ፒያኖ ይዞ ነበር፤ ኤዲም መጀመሪያ የተማረው ፒያኖ ነው። በ1978 ባወጣው ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ብቸኛ የጊታር ምት፣ የቀኝ እጁን ጣቶችም በአንገቱ ላይ እየመታ ጊታርን እንደ ፒያኖ አናገረው። ይህን ብልሃት የፈጠረው እርሱ ብቻ ነው አንልም፤ በዓለም ዘንድ ያስወደደው ግን እርሱ ነው። ፍጥነቱ የሚከብድ አይደለም፤ የሚስቅ ሰው ፍጥነት ነው። ወንድሙ አሌክስ ከበሮ እየመታ አብሮት ኖረ፤ ኋላም ልጁ ቮልፍጋንግ ከማኅበሩ ገባ። ኤዲ በ2020 ዐረፈ።

ሁለተኛው ራንዲ ሮድስ ነው። እናቱ ዴሎሬስ በካሊፎርኒያ ሙዞኒያ የሚባል የሙዚቃ ተማሪ ቤት አቋቁማ ልጆቿን በዚያ ገቢ ያሳደገች ሴት ነበረች፤ ራንዲም በዚያው ተማረ፤ አስተማረም። በ1980 እና በ1981 ከኦዚ ኦዝበርን ጋራ በሠራቸው ሁለት ሸክላዎች ስሙ በሁሉ ዘንድ ታወቀ። የሚያስደንቀን ግን ከታወቀ በኋላ ያደረገው ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ለዘፈን ሲዞር፣ በደረሰበት ሁሉ የክላሲካል ጊታር መምህር እየፈለገ እንደ ጀማሪ ተማሪ ይቀመጥ ነበር። ከመጀመሪያው ሸክላ ውስጥ አንዲቱን ጸጥ ያለች ትንሽ ዜማ ለእናቱ ብሎ በስሟ ሰየማት። በመጋቢት 1982 በፍሎሪዳ ትንሽ አውሮፕላን ወድቆ በ25 ዓመቱ ሞተ። ያገራችን የዜማ ሊቃውንት አንዱን ደብር ፈጽመው ሌላ መምህር ፍለጋ ወደ ሌላው ደብር እንደሚሻገሩ ስናስብ፣ ይህን ወጣት ካገራቸን ተማሪ ለይተን ልናየው አንችልም።

ከፊት የማይታየውንም ማመስገን ይገባል። አንጉስና ማልኮም ያንግ የሚባሉት ወንድማማች በስኮትላንድ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አውስትራልያ ተሻግረው በ1973 ኤሲ ዲሲ የተባለውን ማኅበር በሲድኒ አቋቋሙ። አንጉስ እኅቱ ማርጋሬት በመከረችው ምክር የተማሪ ልብስ ለብሶ ከፊት ይዘላል፤ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደርሱ ነው። ማልኮም ግን ከኋላ ከማጉያው አጠገብ ቆሞ የምቱን ልክ ይጠብቅ ነበር። ማልኮም ባይኖር አንጉስ የሚዘልበት መሬት አይኖርም ነበር። በማኅሌት ጊዜ መሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከበሮውን በልኩ የሚይዘው ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ያስተውለዋል። ከሜታል ሰዎችም የሜታሊካው ጄምስ ሄትፊልድ ቀኝ እጁ ሳይደክም ክሩን ከላይ ወደ ታች ብቻ በመምታት ልኩን እንደ አንጥረኛ መዶሻ ስለሚጠብቅ፣ እርሱንም ከዚሁ እንቈጥረዋለን። ማልኮም የማስታወስ ኃይሉ ስለ ደከመ በ2014 ማኅበሩን ተወ፤ በስፍራውም የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ገባ። በ2017 ዐረፈ።

ስለ ዝምታ የጠየቅነውን ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስልን የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ነው። ጊልሞር በ1946 በካምብሪጅ ተወለደ። ሌላው መቺ ሃያ ድምፅ በሚያወጣበት ጊዜ እርሱ አንድ ድምፅ ብቻ አውጥቶ ክሩን በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ድምፁም ቀስ እያለ ይወጣል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያም ይተወዋል። በመካከል የሚተወው ባዶ ቦታ እንደ ምቱ ሁሉ የታሰበበት ነው። በ1979 በወጣው ዘ ዎል በተባለው ሸክላቸው መጨረሻ ገደማ ያለውን ምቱን የሰማ ሰው «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚለውን ያገራችንን ተረት ያስታውሳል። በሰኔ 2019 ከ120 በላይ ጊታሮቹን በኒው ዮርክ በጨረታ ሸጠ፤ የሚወደው ጥቍሩ ጊታር ብቻውን 3,975,000 ዶላር አወጣ። ከሽያጩ የተገኘውን 21 ሚሊዮን ዶላር የሚያልፍ ገንዘብ የአየር ንብረትን ጉዳት በሕግ ለሚከላከል ማኅበር ሰጠው። መሣሪያው ከእጁ ወጣ፤ ድምፁ ግን አብሮ አልተሸጠም፤ ድምፁ ያለው በጣቱና በጆሮው ነውና።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሮዜታ ታርፕ የተቈጣትን የጸሎት ቤት ሰው፣ ሄንድሪክስ ለርሱ ያልተሠራውን መሣሪያ፣ አዮሚ የተቈረጠውን ጣቱን፣ ሜይ ባዶውን የአባቱን ኪስ፣ እያንዳንዱ የጎደለውን ነገር ይዞ ሠራበት እንጂ ጉድለቱ እስኪሞላለት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ስለዚህም ድምፃቸው እንደ እጅ ጽሕፈት ከማንም ድምፅ የሚለይ ሆነ። ፍጥነትን ማንም በልምምድ ሊደርስበት ይችላል፤ ይህን የራስ ድምፅ ግን ከሌላ መዋስ አይቻልም።

እንግዲህ ልጃችሁ ጊታር ይገዛልኝ ብሎ ቢለምናችሁ፣ ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ስለ ጠጕሩ ርዝመትና ስለ ልብሱ ጥቍረት ከመቈጣታችሁ በፊት የሚወደውን አንድ ዘፈን እንዲያሰማችሁ ጠይቁት። አንድ ጊዜ ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ በመጀመሪያው ጩኸቱን፣ በሁለተኛው ልኩን፣ በሦስተኛው ዜማውን ትሰማላችሁ። ከዚያም ከመምታት አስቀድሞ መቃኘትን እንዲማር፣ መምህርንም እንዲያከብር፣ መጠጥና ክፉ መድኃኒት ስንቱን ባለሙያ በወጣትነቱ እንደቀጠፈ እንዲያውቅ ምከሩት። ገንዘብ ባይኖራችሁ እንደ ሃሮልድ ሜይ አብራችሁት ጥረቡ። ታላቅ መቺ ቢሆን ደስታ ነው፤ ባይሆንም የጀመረውን ሲስት እንደገና መጀመርን ከተማረ፣ ይህ ትምህርት ለማናቸውም ሥራ ይሆነዋል።